በእንግሊዝኛ ልሸሽግህ?

ጂማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ውስጥ ሰው ጠፍቶ አይጠፋም። ጠዋት ከቤት የወጣ ልጅ በየት በኩል እንዳለፈ፣ ከማን ጋር ቆሞ እንዳወራ፣ ምን ይዞ እንደተመለሰ እናቱ አቦሉን ሳትቀዳ ሰምታ ጨርሳለች። የአወቱን ወንዝ ተሻግሮ የጂማ መርካቶ የዋለ ሰው ማታ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ቤት ገብቷል። የጂማ ሰው ይህን ቢያማርርም አይደነግጥበትም፤ የሚያየውን ሰው እሱም ያየዋላ። ጎረቤቴ ገበናዬን ቢያውቅ እኔም የእሱን አውቃለሁ። ከልክ ሲያልፍብኝ በሽማግሌ አስነግረዋለሁ፤ ካልሰማ ቡና መጣጣታችን ይቀራል። መተያየቱ የሁለት ወገን ስለሆነ ልጓም አለው።

ስለ ኢንተርኔት ክትትል ሲወራ ብዙ ሰው "እኛ ደግሞ ምን የሚደበቅ አለንና" ብሎ ነገሩን የሚያልፈው ከዚህ ልማድ ተነስቶ ይመስለኛል። ድሮም ስንታይ ነው የኖርነው፤ አንድ ተመልካች ቢጨመር ምን ይጎድልብናል? የተጨመረው ተመልካች ግን የጎረቤት ወግ የለውም። ስሜን አይጠይቅም፤ የማን ልጅ መሆኔ አይገደውም፤ ሰላም ብለው አይመልስም። በማግስቱ ስመለስ ግን ያው የትናንቱ ሰው መሆኔን ያውቃል። ሰውን ስሙን ሳይጠይቁ ማወቅ ምን ዓይነት ማወቅ ነው?

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ከአወቱ ድልድይ ብዙም ያልራቀች አንዲት ኮፒ ቤት ትበቃለች። በሯ ላይ የጉርድ ፎቶና የላሚኔሽን ማስታወቂያ ተለጥፏል። ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር አለ፤ አንዱ ከተበላሸ ቆይቷል፣ በላዩ የኤ4 ወረቀት ተደርድሮበታል። የሚሠራው ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ነው፤ ኪቦርዱ ላይ አንዳንዱ ፊደል በጣት ብዛት ተፍቆ ጠፍቷል። በዚህች ማሽን ማመልከቻ ይተየባል፣ የማትሪክ ውጤት ይታያል፣ ዲቪ ይሞላል። ማመልከቻው የሚተየበው በፓወር ግዕዝ ነው፤ የጸሐፊዋ ጣት የለመደው እሱን ነው።

አንድ ድረ ገጽ በዚህች ማሽን ሲከፈት ጥያቄ ያወርድባታል። የስክሪንሽ ስፋት ስንት ነው? ሰዓትሽ ከግሪንዊች በስንት ይቀድማል? ቋንቋሽ ምንድን ነው? ዊንዶውስሽ ስንተኛው ነው? ብሮውዘሩ ሳያመነታ ይመልሳል፤ ገጹ በማሽኑ ልክ እንዲስተካከል ስለሚረዳ ይህን ያህሉ ክፋት የለውም። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ነውር አለበት። ገጹ ለዓይን በማይታይ ስፍራ ጥቂት ጽሑፍና ቀለም እንድትስል ያዛታል። ትስላለች። በግራፊክ ካርዷና በሶፍትዌሯ ጠባይ የተነሳ የፊደሉ ጠርዝ ሌላ ማሽን ከሚስለው በጥቂት ነጥብ ይለያል። ገጹ ያችን ልዩነት ወደ አጭር ቁጥር ለውጦ ይዟት ይሄዳል። ይህ ብልሃት እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ2012 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ሁለት ተመራማሪዎች አሳዩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች እጅግ ከሚጎበኙት 100,000 ድረ ገጾች መካከል ከ5 በመቶ በሚበልጡት ላይ ሲሠራበት አገኙት።

ከዚያ ተራው ማሽኗ ላይ የተጫነው ፊደል፣ ፎንት የሚሉት፣ ነው። ገጹ አንድ ቃል በተራ ፊደል አስጽፎ ስፋቱን ይለካል፤ ያንኑ ቃል በሌላ በሚጠራው ፊደል አስጽፎ እንደገና ይለካል። ስፋቱ ከተለወጠ ፊደሉ ማሽኗ ውስጥ አለ፤ ካልተለወጠ የለም። እንዲህ እያለ በመቶ የሚቆጠር የፊደል ስም ይጠራል፤ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ሁሉም ያልቃል። በዝርዝሩ ውስጥ በእጅ ከሚጫኑት የግዕዝ ፊደላት አንዱ ተጠርቶ ማሽኗ "አቤት" ካለች፣ ከዓለም ኮምፒውተር አብዛኛው በአንድ ጊዜ ከጥርጣሬ ወጣ ማለት ነው። ኮፒ ቤቷ ደንበኛዋን ለማገልገል የጫነችው ፊደል መለያ ምልክቷ ሆነ።

ይህ ሁሉ መልስ ተደምሮ ነው የዲጂታል አሻራ የሚባለው። ፒተር ኤከርስሊ የተባለ የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት 470,161 ብሮውዘሮችን መርምሮ 83.6 በመቶዎቹ አምሳያ እንደሌላቸው ጻፈ። በእሱ ስሌት በዕጣ የተነሳ አንድ ብሮውዘር አምሳያ የሚያገኘው ቢበዛ ከ286,777 አንድ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጂማ ከተማ ነዋሪ 120,960 ነበር። እንግዲህ የያኔዋን ጂማ በሁለት አባዝተን ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ አንድ ኮምፒውተር ብንሰጥ እንኳ ያችን አንዲት ማሽን ከመሃል ለይቶ ማውጣት ይቻል ነበር። ቁጥሩ ሳይጋነን አልቀረም፤ ወደ ኤከርስሊ የመጡት ጉዳዩ የሚያሳስባቸው ሰዎች ነበሩና። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ2 ሚሊዮን በላይ አሻራ የመረመረ የፈረንሳይ ጥናት አምሳያ የሌላቸውን 33.6 በመቶ፣ ስልክ ላይ ደግሞ 18.5 በመቶ ብቻ ሆነው አገኛቸው። ስልክን የሸሸገው ተመሳሳይነቱ ነው፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል፣ ማንም ፊደል አይጭንበትም። ጂማ ላይ በወጣቱ ኪስ ውስጥ ያለው ርካሽ ቴክኖ በዚህ በኩል ከውዱ ላፕቶፕ ይሻላል።

በነገራችን ላይ የኮፒ ቤቷ ማሽን በሚከታተሏት ላይ የምትሠራው የራሷ ተንኮል አላት። ጠዋት ዲቪ የሞላችው ልጅ፣ ከሰዓት የአይሱዙ ጎማ ዋጋ ያስፈለገው ነጋዴ፣ አመሻሽ ላይ ስለ ስኳር በሽታ ያስነበቡት አዛውንት ለሚከታተለው አንድ ሰው ናቸው፦ አሜሪካ መሄድ የምትሻ፣ አይሱዙ ያላት የስኳር ሕመምተኛ። አንድ ማሽን አንድ ሰው ነው የሚለው ግምት ሁሉም የየራሱ ኮምፒውተር ካለው አገር የመጣ ነው። ሳቁ ግን ሩቅ አይወስድም፤ አንዱ የፈለገው በሌላው ላይ ሲለጠፍ ማስተባበያ የሚሰጥበት መስኮት የለም።

ስምን መሸሸግ ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። የክርስትና ስሙ ከንስሐ አባቱና ከቤተሰቡ አልፎ እንዳይሰማ የሚጠነቀቅ ሰው ዛሬም አለ፤ ስሙን ያገኘ ደብተራ ይደግምበታል ተብሎ ይፈራል። በሌላ በኩል ሰው ለአደባባይ ሌላ ስም ይይዛል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጂማን የገዙት ንጉሥም ታሪክ የሚያውቃቸው አባ ጅፋር በሚለው የፈረስ ስማቸው ነው። የፈረስ ስም ለክብር እንጂ ለመደበቅ አልወጣም፤ ሆኖም ከክርስትና ስም ጋር ጎን ለጎን ስናስቀምጠው አንድ ያልተጻፈ ደንብ ይታያል። ሰው አንድ ፊት ብቻ አይደለም። ለአምላኩ የሚቆምበት፣ ለቤቱ የሚቆምበት፣ ለገበያው የሚቆምበት አለው። ለአማቱ የማይናገረውን ለጓደኛው ይናገራል፤ ለጓደኛው የማይናገረውን ለሐኪሙ ይናገራል። ይህን ግብዝነት የሚለው የለም፤ ጨዋነት ነው የምንለው።

የዲጂታል አሻራ ጉዳቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምስጢር አይሰርቅም፤ እኛ ለያይተን ያኖርናቸውን ፊቶች ይሰፋል። ሌሊት ስለ ሕመሟ ያነበበችው፣ ጠዋት የሥራ ማስታወቂያ ያየችው፣ በብዕር ስም ግጥም የምትለጥፈው አንዲት ሴት ሦስት ሴት ሆና መኖሯ ቀርቶ አንድ ቁጥር ትሆናለች። ስሟን ማንም አልጠየቃት፤ ስለዚህ ስሟን መደበቋም አልጠቀማት። ከደብተራው የሚያስጥለው መላ ስም ከማይፈልገው አያስጥልም።

በሰላይ ሶፍትዌር በኩል የሆነውን ስናይ ይህ ተራ ፍልስፍና እንዳልሆነ እንረዳለን። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን ላይ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፤ በኢሜይል አባሪ ሆኖ በመጣ ሰነድ ፊንስፓይ የተባለ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ የስካይፕ ንግግሩን ለወራት ሲቀዳ ነበር ብሎ። የክሱ መዝገብ የሚያውቀው ኪዳኔ በሚል ስም ነው፤ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ገበናዬ ተደፈረ ብሎ ለመጮህ የውሰት ስም አስፈለገው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሱን ሳይቀበለው ቀረ፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ይጠብቀዋል ብሎ። ሰላዩ ነበረ አልነበረም ወደሚለው አልተደረሰም።

ሰላይ ሶፍትዌር እና የማስታወቂያ ድርጅት አሻራ ማንበቢያ አንድ አይደሉም። አንዱ በር ሰብሮ ይገባል፤ ሌላው ደጅ ቆሞ ይለካል። ለአብዛኛው የአወቱ መንደራ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት የሚመጣው ስልክ ቁጥሩ ነው። ቴሌብሩም ቴሌግራሙም በሱ ይከፈታል፤ ሲሙ የወጣው በመታወቂያ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪዎች ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። በፌስቡክ ገብቶ በስሙ የሚጽፍ ሰው አሻራውን ቢያጠፋ ምን ይረባዋል? አይረባውም። አሻራ የሚያሳስበው ሳይገባ የሚያነበውን፣ ስሙን ሳይሰጥ የሚጠይቀውን ሰው ነው።

እሱስ ምን ያድርግ? በየጓደኛው የሚመከረው ይታወቃል፤ ኩኪ አጥፋ፣ በምስጢር መስኮት ክፈት፣ ቪፒኤን አብራ። ኩኪ ገጹ እኛ ማሽን ላይ የሚያስቀምጠው ወረቀት ስለሆነ ሊቀደድ ይችላል፤ አሻራ ግን የማሽኑ የራሱ ጠባይ ነው፣ የሚቀደድ የለውም። ቪፒኤን መንገዱን ይለውጣል እንጂ መንገደኛውን አይለውጥም። ጎበዝ ነኝ ያለው ደግሞ ብሮውዘሩ ላይ አምስት ስድስት መከላከያ ይደራርብና ያንን ድርብርብ የያዘ ብቸኛው ሰው እሱ ሆኖ ያርፋል። ለብቻ መጠንቀቅ ራሱ ምልክት ይሆናል።

ይህን የአገራችን ታሪክ በመጥፎ መንገድ አስተምሮናል። ግንቦት 2004 ዓ.ም. ላይ ቶር የተባለው የመሸሸጊያ መረብ በኢትዮጵያ መስመር ላይ ታገደ። ይዘቱን አንብቦ የተረዳ አልነበረም፤ ቶር ግንኙነት የሚከፍትበት ሥርዓት ከሌላው ትንሽ ይለይ ስለነበር በዚያች ልዩነት ተያዘ። በ2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን ክስ ውስጥ የመረጃ ደኅንነት መሣሪያ ሥልጠና መውሰዳቸው የወንጀል ጭብጥ ሆኖ ቀርቦ ነበር። ክሱ ኋላ በከፊል ተነስቶ በከፊል በፍርድ ቤት ወድቋል፤ ቁልፍ መያዝ ራሱ እንደ ጥፋት የተቆጠረበት ምክንያት ግን ቁልፉን የያዙት ጥቂቶች ስለነበሩ ይመስለኛል። የካቲት 2015 ዓ.ም. ላይ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ሲቆዩ የሆነውን እናስታውስ። ተማሪው፣ ባለ ሱቁ፣ ውጭ አገር ያለ ልጃቸውን በቪዲዮ ማየት የለመዱት እናት ሳይቀሩ ቪፒኤን ጫኑ። ያን ሰሞን ቪፒኤን ያለበትን ስልክ ይዞ መገኘት ማንንም አላስጠረጠረም። መሣሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው ቁጥራችን ነው።

ስለዚህ ለመሸሸግ መመሳሰል ያስፈልጋል፤ ለመመሳሰል ደግሞ ሌሎች ሰዎች ያስፈልጋሉ። ቶር ብሮውዘር የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። መስኮቱን ስታሰፋው ዳር ዳሩን ባዶ ክፈፍ ይተዋል፣ የስክሪንህ እውነተኛ ልክ እንዳይታወቅ። ጂማ ሆንህ ኦስሎ ሰዓትህን የግሪንዊች ነው ብሎ ይናገራል። ፊደሉን ከማሽንህ ሳይሆን ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጎ ካዘጋጀው ክምችት ይወስዳል። የማይተዋወቁ ሰዎች ሁሉ አንድ ልብስ ለብሰው እንደሚሄዱ ነው። ቋንቋ ላይ ሲደርስ ግን ይቆምና ይጠይቃል። ምርጫህ እንግሊዝኛ ካልሆነ፣ ገጾችን በእንግሊዝኛ ብጠይቅልህ አንተን ለይቶ ማወቅ ይከብዳል፤ በእንግሊዝኛ ልጠይቅልህ? ይላል።

ይህን ጥያቄ እንደዋዛ "እሺ" ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ይመስለኛል። እኔ ግን ጥያቄው ከሚመስለው በላይ የከበደ ነው ባይ ነኝ። መሐንዲሶቹን አልከስም፤ ሂሳባቸው ትክክል ነው። ብሮውዘር ለሚጎበኘው ገጽ ሁሉ የቋንቋ ምርጫውን በአጭር ምልክት ያስታውቃል። የእንግሊዝኛው ምልክት ከስፍር ቁጥር የለሽ ሕዝብ ጋር ያቀላቅላል፤ የአማርኛው ጥቂት ሰው ዘንድ ያደርሳል፤ የአፋን ኦሮሞው ከዚያም ያነሰ ዘንድ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ ልዩ ፊደል አይፈልግም፣ በዚያ በኩል ከግዕዙ ይሻላል፤ በቋንቋ ምልክቱ ግን ያው መገለጥ ነው። የአወቱ መንደራ ልጅ በአፍ መፍቻው ልጠይቅ ቢል፣ ሂሳቡ "ተው፣ ትታያለህ" ይለዋል።

ደኅንነቱ የተጠበቀው ታዲያ የማን ነው? ማንነቴን ለመጠበቅ ቋንቋዬን ደጅ ትቼ ከገባሁ፣ በሰላም የገባው እኔ ነኝ ወይስ እኔን ያልሆነ አንድ እንግሊዝኛ ጠያቂ?

ጥያቄውን በዚህ አገር ሰምቶ የማያውቅ የለም። በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ስሙን ወደ አማርኛ የለወጠ ኦሮሞ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ተገዶ፣ አንዳንዱ ነገር እንዲቀልለት። ያኔ የብዙኃን ልብስ ሆኖ የቀረበው ይህ አሁን የምጽፍበት ቋንቋ ነበር። እንግሊዝኛ ዛሬ ለአማርኛ የሚያቀርበውን ጥያቄ አማርኛ ትናንት ለሌላው አቅርቦታል፤ የጠየቀውም በትሕትና አልነበረም። ስለዚህ አማርኛ ጸሐፊ ስለዚህ ነገር ሲያለቅስ ትንሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ቢሆን ይመረጣል። ስሙን የለወጠው ሰው ሥራውን አግኝቷል፤ ልጆቹ ግን አሁንም አያታቸውን በየትኛው ስም እንደሚጠሩ ሲከራከሩ ይሰማል። መመሳሰል ክፍያው በአንድ ትውልድ አያልቅም።

ጂማ ላይ ሆኖ ስለ መመሳሰል ሲነሳ ቡናን መዝለል አይቻልም፤ እዚያ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቡና ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባበት ከ2001 ዓ.ም. በኋላ ገበሬው ለአቅራቢ የሸጠው ቡና መጋዘን ሲደርስ ተቀምሶ ደረጃ ይሰጠውና ከመሰሎቹ ጋር ይቀላቀል ነበር። ከጎማ ወረዳም ይምጣ ከሰቃ፣ ሳይታጠብ የደረቀውን ገዢው የሚያውቀው "ጂማ 5"ን በመሰለ የደረጃ ስም ነበር። ጥሩው ከመጥፎው ጋር ስም አጥቶ ገበሬውም የልፋቱን ዋጋ አጣ። በአጋሮ አቅራቢያ የጎማ ወረዳ ገበሬዎች ያቋቋሙት ዱሮሚና የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ቡናውን አጥቦ በራሱ ስም የሚሸጥበት መንገድ ስለነበረው እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ሆነ። ለቡና አለመታወቅ ኪሳራ ነው።

አሁን ደግሞ ነፋሱ ዞሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ እንዲጠቆም ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ፣ ቢያንስ በስድስት የዴሲማል አሃዝ። ስድስት አሃዝ ማለት መሬት ላይ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከስንዝር ያነሰ። የተግባር ቀኑ ቢራዘምም ስልክ የያዙ ወጣቶች በየማሳው እየዞሩ ነጥቡን ሲመዘግቡ ከርመዋል። የሊሙ ገበሬ የቡና እግሩ በስንዝር ልክ አውሮፓ ውስጥ ባለ ቢሮ ይታወቃል፤ እሱ ቡናው በየትኛው አገር እንደተጠጣ አያውቅም። ይህን ከኮፒ ቤቷ አሻራ ጋር አንድ ነው ማለት አልችልም፤ ገበሬው ተጠይቋል፣ ገበያም ያገኝበታል። ሆኖም የሁለቱን ጥሩነት የምመዝንበት መስፈርት አንድ ነው። ክሩ ከዚህ ጫፍ ሲሳብ በዚያ ጫፍ የሚሰማ ሰው አለ ወይ? ካርታው በማኅበሩ እጅ ከሆነ፣ ገበሬው ቅጂ ከያዘ፣ ሲያሻው ሊጠይቅበት ከቻለ መታወቁ ሀብቱ ነው። ነጥቡ ብቻ ተወስዶ ከሄደ ግን የታወቀው ማሳው ነው፤ ሰውየው እንደ "ጂማ 5" ዘመን ስም የለሽ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ቋንቋው ጥያቄ ስመለስ፣ "እምቢ" ለማለት ድፍረት የሚሰጠኝ የፊደላችን የራሱ ታሪክ ነው። ግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፊደል ከዊንዶውስ ጋር፣ አፕል ደግሞ ከፋ የተባለውን ከማሽኖቹ ጋር አብረው ማደል ጀመሩ (የጎረቤታችን የከፋ ስም ከካሊፎርኒያ በሚመጣ ማሽን ውስጥ ተቀምጦ ማየት ደስ ይላል)። አንድሮይድ ስልክም ከፊደሉ ጋር ነው የሚመጣው። ኦስሎ ያለ ኖርዌጃዊ አንድም ቀን የማያነበውን ሀሁ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ውጤቱን ልብ እንበል። ስልክ ላይ የግዕዝ ፊደል መኖሩ ዛሬ ማንንም አያሳብቅም፤ ሁሉም ዘንድ አለና። እኛ ፊደላችንን ጥለን አልተሸሸግንም፤ ፊደላችን ለሁሉም ስለተሰጠ ተሸሸግን። የኮፒ ቤቷን ማሽን ያጋለጣት በእጅ የተጫነው ፓወር ግዕዝ ነው፤ በሁሉም ማሽን የሚገኘው ፊደል ሥራውን ችሎ ቢሆን ኖሮ ምልክት አይሆንባትም ነበር።

ሕግም አለ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንነቱ የታወቀውን ብቻ ሳይሆን ሊታወቅ የሚችለውንም ሰው መረጃ ይጠብቃል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። "ሊታወቅ የሚችል" በሚለው ውስጥ ስም አልባው አሻራ ይገባል ብዬ እሞግታለሁ። ነገር ግን አሻራ አንባቢዎቹ ሩቅ ናቸው፣ ልማዳቸውም እየላላ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን አሠራር የተጠቃሚን ምርጫ የሚሽር ጥፋት ብሎ ነቅፎት ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. የካቲት 2025 ጀምሮ ግን ማስታወቂያ ለሚያሠሩ ድርጅቶች ክልከላውን አላልቶላቸዋል። የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት የጎደለው ብሎ ተቃውሞታል። ለንደን ያልተሰማለትን አዲስ አበባ ብቻዋን ታሰማለች ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

እስከዚያው በእጃችን ያለው ቁጥራችን ነው። ዛሬ ጂማ ላይ ብዙ ስልክ በእንግሊዝኛ ነው የሚሠራው፤ ባለቤቱ እንግሊዝኛ ስለሚችል ወይም መሸሸግ ስለፈለገ ሳይሆን ሻጩ ከሳጥኑ ሲያወጣው እንዲሁ ስለከፈተለት። ሳያውቅ ተሸሽጓል፤ ሳያውቅም ቋንቋውን ከቁጥር አጉድሏል። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ልጠቀም ያለው ጥቂት ሰው በዚያ ምክንያት ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከመሃላቸው አንዷ ጋዜጠኛ፣ አንዱ ለማንም ያልነገረው በሽታ ያለበት፣ አንዷ ከባሏ ዱላ የምትሸሽበትን ቤት የምትፈልግ ልትሆን ትችላለች። እነዚህን ወደ ፊት ግቡ ማለት ጭካኔ ነው። ቀድሞ መግባት ያለበት "ምን የሚደበቅ አለኝ" ያለው ሰው ነው። ቃሉ እውነት ከሆነ በአፍ መፍቻው ቋንቋ ቢታይ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ከሱ ኋላ ለሚመጣው ግን ከለላ ይሆነዋል። ነጻ ብሮውዘሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ፋየርፎክስን ወይም ቶርን ምንም ምስጢር የሌለው ሰው የቡና ዋጋ ሊያይበት በከፈተው ቁጥር ምስጢር ላለው ሰው አንድ አምሳያ ይጨምርለታል።

በመርካቶ ስልክ የሚሸጠው ልጅ አዲስ ሳጥን ቀዶ ሲያበራ ስልኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቋንቋ ምረጥ ብሎ ነው። ልጁ ደንበኛውን ቀና ብሎ ሳያይ እንግሊዝኛን ይነካና ወደ ሲም ማስገባቱ ያልፋል። አዲስ አበባም ብራስልስም ከመሄዳችን በፊት እሱን "ቆይ፣ ጠይቀኝ እንጂ" ማለት እንችላለን።